ክርስትናዬን ያየ ሰው

ባለቤቴ ባረፈ በአርባኛው ቀን፣ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን፣ አጠገቤ የቆመች ሴት ጧፏን እፍ ብላ አጠፋች። የሰሙና የተቃጠለው ክር ሽታ ሲደርሰኝ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ልጆቼ ሐዘኑ ነው ብለው ደገፉኝ። ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሱሉልታ፣ ያ ሽታ በሞላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ቀን ነው የመጣብኝ። ልንገርሽ።

የተወለድኩት ጫንጮ፣ በጠላት ዘመን ነው። እናትና አባቴ ተከታትለው ሲሞቱ አክስቴ ሱሉልታ አምጥታ አሳደገችኝ። ንጉሡ ከተመለሱ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ለአንድ ዲያቆን ታጨሁ። ዲያቆን በቁርባን ካላገባ ቅስና አያገኝም። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የደብሩ ቄስ አስጠሩኝ። ክፍላቸው መስኮት አልነበረውም። ያነበቡበትን ጧፍ አጥፍተው፣ በበሩ ብርሃን ፊቴን እያዩ፣

"የክርስትና ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

አላውቀውም ነበር። አክስቴም አታውቀውም። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያን ጊዜ አክስቴ ጫንጮ አልነበረችም። ካወቅሁ ጀምሮ ቆርቤ ስለማላውቅ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፍርሃት አፌን ከፈተው።

"ወለተ ማርያም" አልኩ። በየቤቱ አንዲት ወለተ ማርያም አትጠፋም።

"ክርስትና እናትሽስ?"

"ሞታለች አባ" አለች አክስቴ ከበሩ ላይ። እሷም ዋሸች።

ቄሱ ሁለታችንንም አዩን። "እንግዲያው ያየ ሰው አምጡ። ያልተጠመቀ አይቆርብም። የተጠመቀም ዳግመኛ አይጠመቅም። ገምቼ ውኃ ውስጥ አልከታትም፤ ገምቼም ሥጋ ወደሙ አላቀብላትም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ሳልጠመቅ ብቆርብ እሳት ሆኖ ይበላኛል። ተጠምቄ እንደገና ብጠመቅ ያም ኃጢአት ነው። በሁለቱ መሐል እንደ ቆምኩ ወሬው ምንጭ ወረደ። ጎረቤታችን እንስራዋን እየሞላች፣ "የጉድ ሠርግ ነው፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ሙሽራዋ አልተጠመቀችም" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ከሁሉ የፈራሁት ግን እሱን ነበር። እጮኛን ማነጋገር ነውር ስለነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ነገርኩት። ውሸቴንም አልደበቅሁም።

"ወለተ ማርያም ያልሽው ከራስሽ ነው?"

"ከራሴ ነው።"

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።

በማግሥቱ ከመንደሩ እንደሌለ ሰማን። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ውሻ በጮኸ ቁጥር የአማቶቼ ሽማግሌዎች እጮኝነቱን ሊያፈርሱ የመጡ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ጌሾ እየወቀጠች "ታዲያ ምን ያድርግ፣ ቅስናውን ይጣል?" ትላለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለሙቀጫው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍን፣ በቅሎ እየሳበ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በበቅሎዋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ለካ ጫንጮ ላይ ቤት ለቤት እየጠየቀ ነው የከረመው።

ሽማግሌው ቄሱ ፊት ቆመው፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ መሰከሩ። "ውኃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጥላ ስለነበር ዳስ ውስጥ ነው የተጠመቀችው። ክርስትና እናቷ ነፍሷን ይማረውና ሞታለች። ስሟማ እንዴት ይጠፋኛል? አመተ ሥላሴ፣ የእናቴም የክርስትና ስም እኮ ነው።"

አክስቴ የዋሸችው እውነት ሆኖ ተገኘ። የእኔው ግን ውሸት እንደ ሆነ ቀረ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወለተ ማርያም ያልሽኝስ?"

"ፈርቼ ነው አባ።"

"ለሰባት ቀን መቶ መቶ ስገጂ።"

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። "አይዞሽ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ያን ቀንም አስቸግረሻል። ቄሱን ረግጠሽ መስቀላቸውን አስጥለሻቸዋል።"

ቆረብን። እሳት አልበላኝም። እሱም በጊዜው ቀሰሰ። ሰው ፊት እንደ ማንም በዓለም ስሜ ይጠራኝ ነበር። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን፣ ውኃ ስጪኝ ለማለት እንኳ "አመተ ሥላሴ" ይለኛል። ገና ሙሽራ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"አራት ቀን የለፋሁበት ስም ነው፤ ልጠቀምበት እንጂ" አለኝ።

ልጆቼ ስሙን አያውቁትም ነበር። ትናንት ጽፌ ሰጠኋቸው። ከእንግዲህ ጮክ ብሎ የሚጠራው፣ በፍትሐቴ ቀን፣ ቄሱ ነው። ያን ጊዜ አቤት አልልም።