የአባቴ ቀይና የጋሼ ሰማያዊ

ትናንት አሮጌ መኪና ልግዛ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ የአባቴን ጋራዥ አስከፍቶ ውስጥ የቆመችውን መኪና ሸራ ጫፍ ሲገልጠው፣ የቆየ ቤንዚንና ያረጀ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወደ ውጭ ወጥቼ ትንሽ መቆም ነበረብኝ።

በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ነበሩ፤ አባቴና አጥር የምንጋራው ታናሽ ወንድሙ፣ ጋሼ ምንይችል። የአባቴ ቀይ የጣሊያን ሥሪት፣ አጭር፣ ዝቅ ያለች፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣውን ጠመዝማዛ እንደ ፍየል የምትወጣው፣ ብርድ ከመታት ግን ካልተለመነች የማትነሳ ቅምጥል ነበረች። የጋሼ ሰማያዊ የአሜሪካ ሥሪት ደግሞ አፍንጫዋ ከእኛ ማድቤት የሚረዝም፣ ቤንዚን እንደ ጠላ የምትጠጣ፣ ኩርባ ላይ የምትንገዳገድ፣ ቁልፍ ሲነካት ግን ክረምት ከበጋ ሳትል የምታጓራ። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር፤ እኔም ስለ ቀይዋ ክብር የስንቷን ልጅ ጸጉር ነጭቻለሁ።

አንድ ፋሲካ ጋሼ ጠጅ ሞቅ ሲያደርገው የአባቴን መኪና የሙሽራ ጫማ ናት ብሎ ሰው አሳቀበት። አባቴ ሲሳቅበት የሚችል ሰው አይደለም። በማግስቱ የንስሐ አባታችንን መምሬ ተገኘን አስጠርቶ፣ ከቤቴ ሰው ማንም እዚያች ሰማያዊ መኪና ላይ እግሩን እንዳያሳርፍ ይገዝቱልኝ አላቸው። ስለ መኪና አይገዘትም ብለው ቢለምኑት ሙጭጭ አለባቸው፤ እሳቸውም ጨንቋቸው መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱን። እኛ ልጆች ተደብቀን ሳቅን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ማን አውቆ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ታላቅ እህቴ አትጠገብ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ቤት እኛ ጋ መጥታ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ምጥ ጠንቶባት ደም ይፈሳት ጀመር። አባቴ ቁልፍ ቢያዞር፣ ቢያስገፋ፣ ቀይዋ አልነሳም አለች። ጋሼ ሰማያዊዋን ሞተሯን ሳያጠፋ በራችን ላይ አቁሞ፣ “ወንድሜ፣ ልጅቱን ስጠኝ፤ በኋላ ትሰድበኛለህ” አለው። አባቴ መምሬ ሳይፈቱን አይሆንም አለ፤ አትጠገብም ራሷ ልጄን በግዝት አልወልድም ብላ የእናቴን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። መምሬ ከከተማው ዳር ተዝካር ሄደው ስለነበር የምጠራቸው እኔ ሆንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጭቃው ስሮጥ የማስበው ቀይዋ በሰው ፊት መዋረዷን ነበር።

መምሬ ጫማቸውን ጭቃ አስቀርቶባቸው በባዶ እግራቸው ደረሱና ከበሩ ላይ ቆመው በአንድ ቃል ፈቱን። አትጠገብን አንስተው ሰማያዊዋ ውስጥ አስተኟት፤ ሆስፒታል ሳይደርሱ እሷም፣ በሆዷ ያለውም አለፉ። ጋሼ በሳምንቱ መኪናውን ሸጦ ከተማውን ለቀቀ፤ ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈም ሞተ። አባቴ እስከ ዛሬ የቀይዋን ጎማ ያስነፋል፣ ሸራዋን ያሳጥባል፤ አትጠገብ መቃብር ላይ ግን ድንጋይ እንኳ አላቆመም።

ገዢው ይህን ሁሉ ከየት ይወቀው። የሁለቱን መኪኖች ዝና ሰምቶ ኖሮ፣ “ለመሆኑ አባባ፣ ከሁለቱ የትኛዋ ትሻል ነበር?” ብሎ በአክብሮት ጠየቀው።

“ምን ጥያቄ አለው፣ ቀይዋ ናት” አለ አባቴ፣ መስታወቷን በጋቢው እየወለወለ።

እግሩን እያጠብኩ፣ እያጎረስኩ፣ ስንት ዓመት የዋጥኩት ነገር ትናንት አልዋጥ አለኝ።

“ሰማያዊዋ ናት አባባ” አልኩት፣ “የዚያን ቀን በራችን ላይ ሞተሯ ይሠራ ነበር።”

አባባ ቀና አላለም። የጋቢውን ጫፍ በምራቁ አርሶ የቀይዋን መስታወት መወልወሉን ቀጠለ።