ጨረቃ ላይ ሳይወርድ የሚቀረው ሰው

የዘንድሮው ብርድ ከብዶኛል። ጉልበቴ ስቶክሆልም ዳር ካለው ከፊቲያ ባቡር ጣቢያ ቤቴ እስኪያደርሰኝ እንኳ ይለግማል። ትናንት ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ሳለ የልጅ ልጄ ሄለን በቴሌቪዥን ስለ አዲሱ የጨረቃ ጉዞ ታያለች። ከጠፈርተኞቹ ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ እላይ እየዞሩ እንደሚጠብቁ ሰማች።

"ሙርፋር፣ ለምን ሁሉም አይወርዱም?" አለችኝ፣ እንደ ልማዷ አያቷን በስዊድንኛ ጠርታ። ይኼ ጥያቄ በወጣትነቴ አበሳዬን አሳይቶኛል።

ያኔ ስቶክሆልም ከገባን ገና ጥቂት ጊዜያችን ነው። ከሱዳን አብሮኝ ከመጣው ጓደኛዬ ከግርማ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊዚክስ እንማር ነበር። ያንን ካላለፍን የምህንድስና በር ይዘጋብናል። መምህርታችን ሦስት ሰው ጨረቃ አድርሶ የሚመልስ ሮኬትና መንገድ ምረጡ ብላ የጋራ ሥራ ሰጠችን። ግዙፍ ሮኬት ሠርቶ በቀጥታ መሄድም አለ፣ በሁለት ሮኬት ዕቃውን አውጥቶ መሬት ዙሪያ መገጣጠምም አለ። የሚቀለው ግን በአንድ ሮኬት ሄዶ፣ ጨረቃ አጠገብ ትንሿን ማረፊያ ከዋናዋ መንኮራኩር አላቆ፣ ስትመለስ እንደገና ማጋጠም ነው። እሱን መረጥን። ሁለቱ በማረፊያዋ ሲወርዱ አንድ ሰው እላይ ብቻውን መቅረቱ ግን ግርማን አንገበገበው።

"ሦስት ሆኖ ሄዶ አንዱን ደጅ አቁሞ መግባት ነውር አይደለም እንዴ!" አለ።

እኔም ነውር ነው አልኩ። ለሦስት የምትሆን ማረፊያ ነደፍን። ውጭ እርጥብ በረዶ ይጥላል፤ እኛ በስዊድኖቹ ደረቅ ቂጣ ላይ ከቱቦ የሚጨመቅ የዓሣ ዕንቁላል እየቀባን ክብደት እንደምራለን። ማረፊያዋ ስትከብድ ነዳጁ ይጨምራል፣ ነዳጁ ሲጨምር ሮኬቱ አልችልም ይላል። የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ግርማ ወይ ፍንክች! ብወድቅም ልውደቅ አለ።

መምህርታችን ንድፉን አየችና "ጠባቂውን የት አደረጋችሁት? ማረፊያዋ ተነሥታ እሱ ያለበት ከፍታ መድረስ ቢያቅታት ዝቅ ብሎ የሚቀበላቸው እሱ እኮ ነው" አለችን።

ግርማ ንድፉን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ "እንዲህ ከሆነማ አልተተወም፤ አደራ ተቀብሎ ነው" አለና ላጲሱን አንሥቶ የሦስተኛውን ሰው ቦታ ከማረፊያዋ አጠፋ።

አለፍን። ሁለታችንም ሶደርተልየ ከተማ፣ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ስንሠራ አረጀን። ግርማን ባለፈው መከር ቀበርኩት።

ለሄለን ይኼን ሁሉ አልነገርኳትም። እላይ የሚቀረው ሰው ብቸኝነት አይሰማውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"አይሰማውም ልጄ። እሱ የሚጠብቃቸው ሰዎች አሉታ!" አልኳት።

የቀረውን ዋጥኩት። ግርማ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ ደክሞኝም ቢሆን፣ እየዞርኩ እጠብቀው ነበር።