ምልክት የተደረገበት ባቡር

የጥፍር ቀለሙ ብሩሽ ቀጭን ነው፤ የአሰለፈች ጣቶች ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲያጥቡና ሲያቦኩ የኖሩ ወፍራም ጣቶች ናቸው። ስለዚህ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነው የምትቀባው። ትንሹን የመጫወቻ ባቡር ክዳኑን ፈትታ ፎጣ ላይ በጀርባው አስተኝታ፣ ብሩሹን ከጎማዎቹ ኋላ ታሾልካለች። ጎማ እንበላቸው እንጂ ብረት ናቸው፤ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። አንዱን ትቀባና እፍ ትልበታለች፤ ሲደርቅ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የጎማዎቹን ጀርባ ታክከው የሚቆሙ ቀጫጭን የመዳብ ስንጥሮች ነበሩ፤ እነሱንም አልማረቻቸውም፤ ጫፍ ጫፋቸውን ነካ ነካ አደረገቻቸው። መጨረሻ ላይ ሞተሩን በጎኑ በኩል ቀባችው።

ቀለሙ ቀይ አይደለም። ውሃ የመሰለ፣ ሲደርቅ የማይታይ፣ ወደ መስኮት ዘንበል ሲያደርጉት ብቻ ብልጭ የሚል ነው። ቀዩን ድሮ ትጠቀምበት ነበር። አንድ ጊዜ የጁስ መፍጫዋን ሞተር አንድ የጥገና ሠራተኛ ወስዶ በአሮጌ ቀየረባት፤ አሮጌው ላይ ግን ልክ የእሷን የመሰለ ቀይ ነጥብ አድርጎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ምልክት ነው የሚያዋጣው ብላ ወሰነች።

«እስቲ አሁን ቀይሩብኝ» አለች ለራሷ፤ የባቡሩን ክዳን መልሳም ብሎኖቹን በሽንኩርት ቢላዋ ጫፍ አጠበቀች።

አሰለፈች ወልድያ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። ቤቷ የሚታወቀው በሳምቡሳዋና በባቡሯ ነው። ባቡሩን ያመጣላት ወንድሟ ጌትነት ነው። ሐራ አካባቢ ለባቡር መንገዱ ሥራ ገልባጭ መኪና ሲነዳ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ አገር ሰው ነበር የሰጠው። ጌትነት ከጣሪያው ሥር ግድግዳውን ተከትሎ የሚዞር ጠባብ መደርደሪያ ሠራ፤ ሃዲዱን ዘረጋ፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከማቀዝቀዣው አጠገብ ሰካና ጅጅጋ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ ጀምሮ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም ሻዩን እያማሰለ አንገቱን ቀና አድርጎ ባቡሩን ያያል። «የሐራው ባቡር እስኪመጣልን በእትዬ አሰለፈች እንሳፈር» ይላሉ፤ ይስቃሉ፤ ሌላ ሻይ ያዛሉ።

እሷ ግን ስትስቅ ብዙ ጊዜ አትታይም። ብርጭቆዎቿ ሁሉ ከሥራቸው የምልክት ጭረት አለባቸው። የጋዝ ሲሊንደሯ እጀታ ላይ የተጠቀለለ ክር አለ። የስኳር ጣሳውን ከዘጋች በኋላ ክዳኑን ከአንድ የቆርቆሮው ጉድፍ ጋር ታስተካክለዋለች፤ ሰው ነክቶት እንደሆነ በኋላ ለማወቅ ነው። ክፉ ሆና አይደለም። ለታመመ ጎረቤት ሾርባ የምትልክ፣ ልጅ ሲያለቅስ መስማት የማትችል ሴት ናት። ሾርባውን የላከችበትን ሳህን ግን ሲመለስ ገልብጣ ታየዋለች።

ባቡሩ መጀመሪያ ከማቀዝቀዣው በላይ ያለው ኩርባ ላይ ያነክስ ጀመር። ከዚያ በየቦታው። ከዚያ በጣት ካልገፉት የማይነሳ ሆነ። አሰለፈች ሦስት ቀን ዝም ብላ አስተናጋጇን ናርዶስን ተመለከተቻት። ናርዶስ ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው እዚህ የገባችው፤ እናቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ መቻሬ ሰፈር ተከራይተው የሚኖሩበትን ቤት በደሞዟ የምታስተዳድረው እሷ ናት። የመደርደሪያውን አቧራ የምታራግፈውም እሷው ናት።

«ጥለሽዋል» አለቻት አሰለፈች አንድ ጠዋት፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ሳለ።

«እትዬ፣ በማርያም! እኔ እኮ በላባ ነው የማራግፈው። ባቡሩን በእጄ ነክቼው አላውቅም።»

«በላባ የተነካ ነገር ያነክሳል?»

«ኧረ እትዬ አሰለፈች» አለ ከጥግ መምህር ኤፍሬም፤ «ባቡርም እኮ ሰው ነው፤ ይደክመዋል።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «የጥገና ሠራተኛ ይከፍተዋል፣ ይታያል» አለች። «ወድቋል ካለኝ ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገቢ። አልወደቀም ካለኝ ደግሞ እኔው ራሴ በእግሬ ቤትሽ ድረስ መጥቼ፣ በእናትሽ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሥራሽ እመልስሻለሁ። እነዚህ ሁሉ ይስሙ።»

ናርዶስ ሽርጧን ፈትታ አጠፈችና ወጣች።

ወልድያ የጥገና ሠራተኛ ሞልቷል፤ አሰለፈች ግን እርስ በርስ ይተዋወቃሉ ብላ አንዳቸውንም አላመነችም። መርሳ ከተማ ውስጥ ኢሳቅ የሚባል ጠጋኝ እንዳለ፣ የዕቃው ባለቤት ከፊቱ ካልተቀመጠ ምንም ነገር እንደማይከፍት አንድ ሾፌር ነግሯት ነበር። ይህ ደስ አሰኛት። ምልክት ካደረገችበት በኋላ ባቡሩን፣ አንድ ቁራጭ ሃዲድና መቆጣጠሪያ ሳጥኑን በፎጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አስገባች፤ ሚኒባስ ላይም ጭኗ ላይ አቅፋው ተቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደያዘች ብትጠይቃት «እንቁላል ነው» አለች።

ኢሳቅ ጎልማሳ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይረሳዋል። ሱቁ ውስጥ ለጥገና የተከፈተ ራዲዮ፣ የተከፈተ ምድጃ፣ የተከፈተ የጸጉር ማድረቂያ አለ። ጎረቤቱ ቶፊቅ ስልክና ኮስሞቲክስ ይሸጣል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንበሩን ይዞ ኢሳቅ በር ላይ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ! ባቡር ነው እንዴ? ሐራ ድረስ ሄደው አመጡት?» አለ ቶፊቅ።

አሰለፈች ለሰላምታው እንጂ ለቀልዱ አልመለሰችም። በርጩማ ስባ ወደ ኢሳቅ እጅ አስጠግታ ተቀመጠች።

ኢሳቅ ክዳኑን ከፈተ። ከቻርጀር ያወጣቸውን ሁለት ሽቦዎች ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ሞተሩ ዝዝዝ አለ። «ልቡ ደህና ነው» አለ። ከዚያ ባቡሩን ቁራጩ ሃዲድ ላይ አቁሞ ሳጥኑን ሰካ፤ ማዞሪያውንም እስከ ጫፍ አዞረ። ባቡሩ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ላይ ያለችው መብራት እንኳ አልበራችም።

«ሲያመጡት ይሄድ ነበር?»

«ያነክስ ነበር እንጂ ይሄድ ነበር።»

«አሁን እኮ ጭራሽ መንቀሳቀስ የለም።»

አሰለፈች ዓይኖቿን ከእጁ አንስታ ፊቱን አየች። ቅድም ስልኳ ሲጮኽ ለአፍታ ቦርሳዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ያኔ ነው፣ አለች በልቧ። ያኔ ነው ያደረገው። ተጠጋች፤ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሞተሩ ላይ ያለችው ምልክት ብልጭ አለች። የራሷ ነው፤ አልተቀየረም። ጥርጣሬዋ መሄጃ አጥቶ እዚያው ደረቷ ውስጥ ቀረ።

ኢሳቅ በበኩሉ ባቡሩን አስቀምጦ ብሎኖቹን በአጉሊ መነጽር ያያል። «እትዬ፣ ከእኔ በፊት ይሄን ማን ከፈተው?»

«ማንም።»

«ይሄ እኮ የካቻቢቴ ጭረት አይደለም። ቢላዋ ነው። ሰው ከፍቶታል። እኔ ሌላ እጅ የገባበትን አልነካም፤ በኋላ ጥፋቱ የሚቀረው መጨረሻ የነካው ሰው ላይ ነው። ይንገሩኝ፤ ቤትዎ ማን አለ?»

አሰለፈች ነገሩን በልቧ መዘነችው። እኔ ነኝ ብትል ለምን ከፈቱት ይላታል፤ ለምን እንደከፈተችው ብትናገር ደግሞ ገና ሳታየው ሌባ ብላዋለች ማለት ነው። አፏ ቀለል ወዳለው ሄደ።

«የምትሠራልኝ ልጅ ነበረች» አለች።

«በቃ እሷ ናታ!» አለ ቶፊቅ። «ወላሂ የዘመኑ ልጅ ያልከፈተው ነገር የለም።»

«እሷ ትሆናለች» አለ ኢሳቅም፤ ፊቱም ፈታ አለ። ትሆናለች ያለው እሱ ነው፣ እኔ አላልኩም፣ አለች አሰለፈች በልቧ። ግን ደስ አላላትም።

ኢሳቅ ለማንኛውም ላጽዳው ብሎ ጎማዎቹን ከነዘንጎቻቸው አወጣ። ዘንጎቹ ላይ ዘይት፣ የልብስ ብናኝና የሳምቡሳ ጥብስ ጭስ ያጠቆረው ጭቃ ተጠምጥሟል። በወረንጦ ይስብ ጀመር። አንድ ረጅም ፀጉር መጣ፤ እየተፈታ፣ እየተፈታ። በሂና የቀላ ፀጉር።

«ይሄ ባቡር ሹሩባ ሊሠራ ነበር እንዴ!» አለ ቶፊቅ።

ሁለቱም ሳያስቡት ከሻሿ ሥር ወጣ ያለውን የአሰለፈችን ፀጉር አዩ። የናርዶስ ፀጉር ጥቁርና አጭር ነው።

«ዘይቱን ማን ነው ያጠጣው?» አለ ኢሳቅ ለስለስ ብሎ።

«እኔ። እሁድ እሁድ። የስፌት መኪና ዘይት።»

«እትዬ፣ ለዚህ ጠብታ ለዓመት ይበቃዋል። ሲበዛ አቧራውን ይጠራል፣ ፀጉሩን ይጠራል፣ ከዚያ ጎማውም ሃዲዱም ይለበጣል። ያነከሰው በዚህ ነው።»

«አልወደቀም?»

«የወደቀ ቢሆን ዘንጉ ይጎብጥ ወይ ጥርሱ ይረግፍ ነበር። ይዩት፤ ቀጥ ያለ ነው።»

አሰለፈች አየችው። ቀጥ ያለ ነበር።

ኢሳቅ ሁሉንም አጽድቶ ገጠመና እንደገና ሃዲዱ ላይ አቆመው። ያው ነው። ቴስተሩን አመጣ፤ ሃዲዱ ላይ መብራት አለ፤ በመዳቡ ስንጥር ላይ የለም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካ፤ አልተበጠሱም። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«እንግዲህ የከፈተችዋ ልጅ የሆነ ነገር ነክታለች» አለ። «ስልክ የላትም? ይደውሉላትና ምን እንዳደረገች ለእኔ ትንገረኝ፤ አልቆጣትም።»

ስልኩ እጇ ውስጥ ነበር። የናርዶስ ስም ከላይ ነው፤ ዱሮ ዳቦ አምጪ፣ ስኳር አልቋል ስትል የምትደውልበት። አውራ ጣቷ ስሙ ላይ ደርሶ ቆመ። ልጅቷ ስታነሳው፣ «እትዬ» ስትል፣ ከዚያ የማታውቀው ሰው «ለምን ከፈትሽው?» ሲላት ታያት።

«ልጅቷ አልከፈተችውም» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«ምልክት ላደርግበት ነው። እንዳይቀየርብኝ። ውሃ በሚመስለው የጥፍር ቀለም ነው።»

ቶፊቅ ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቀ። «ያ አላህ! እኔ ነጋዴው እንኳ ይሄን አላሰብኩትም!»

ኢሳቅ አልሳቀም። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «የት የት ነው የቀቡት?»

በጣቷ አሳየችው። ጎማዎቹን ወደ ብርሃን አዘነበላቸው፤ ጀርባቸው እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ አብለጨለጨ።

«እትዬ» አለ፤ «መብራቱ ከሃዲዱ ወደ ጎማው፣ ከጎማው በዚች መዳብ አድርጎ ወደ ሞተሩ ነው የሚሻገረው። እርስዎ ድልድዩ ላይ ነው የቀቡበት። ቀለሙ መብራት አያሳልፍም።»

ቶፊቅ ከሱቁ አሴቶን አመጣ። ኢሳቅ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አንድ በአንድ አጠበው። ሲሰካው ባቡሩ ከቆመበት ተፈናጥሮ ቁራጩን ሃዲድ ጨረሰና ጫፉ ላይ ሊወድቅ ሲል ኢሳቅ በመዳፉ ያዘው።

ሲጠቀልልላት፣ ካርቶኑን ሳይሰጣት ትንሽ ያዝ አደረገ። «ሞተሩ ላይ ያለውን ምልክት አላጠብኩትም» አለ። «ቤትዎ ሲደርሱ ያዩታል።» ክፋት አልነበረበትም፤ ቅር ብሎት ግን ነበር። አሰለፈች ዓይኗን ካርቶኑ ላይ ተክላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ባቡሩ መደርደሪያው ላይ ዞረ። ኩርባውን ሳያነክስ አለፈ። ቤቱ አጨበጨበ።

«ሠራተኛው ምን አለ እትዬ?» አለ መምህር ኤፍሬም። «ወድቋል?»

«ቆሽሾ ነው አለ።»

«እንግዲያው ናርዶስ…»

«እሄዳለሁ» አለች አሰለፈች። «ዛሬ ከሰዓት።»

ከሰዓት ነጠላዋን ለበሰች። ጫማዋንም ቀየረች። መንገድ ላይ ግን ሐሳቡ አብሯት ይሄዳል። ቶፊቅ አፉ ክፍት ነው፤ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል፤ የጥፍር ቀለሙ ወሬ ወልድያ ከእሷ ቀድሞ ገብቶ ቢሆንስ? ናርዶስ ሰምታ፣ ከእናቷ ጋር ስቀው፣ አሁን ልትመጣ ነው እያሉ እየጠበቋት ቢሆንስ? ደግሞስ ልጅቷ ንጹሕ ከሆነች ለምን እስካሁን መጥታ አልጠየቀችም? ሌላ ሥራ ይዛ ይሆናል። ከሌላ ባለሻይ ቤት ጋር ተነጋግራ ቆይታ ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

ወደ መቻሬ የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስትደርስ ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ቆመች። ከዚያ የናርዶስ ቤት በር ይታያል። በሩ ክፍት ነበር፤ ደጁ ላይ እናትየው ተቀምጠው ወደ መንገዱ ፊታቸውን አዙረዋል። የሚያዩት ነገር ይኑር አይኑር ከሩቅ አይታወቅም። አሰለፈች ግን አይተውኛል ብላ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ኋላ ሆነች።

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጥቅል ጎመን የምትሸጥ ሴት ነበረች። አሰለፈች አንዱን አንስታ ገለባብጣ አየችው፤ ገዛችውና ይዛው ወደ መጣችበት ተመለሰች። ነገ እሁድ ነው፤ እሁድ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሳይሆን ቡና ሊጠጣ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ሰኞ ደግሞ የስኳር መኪና ይመጣል አለች። ማክሰኞ ገበያ ነው፤ ቤቱን ለማን ትቼ እሄዳለሁ አለች።