ካሚዮኔን ከእትዬ ደጅ ያራቅሁበት ዓመት

ጣሊያን ጥሏቸው ከሄዳቸው የጦር ካሚዮኖች አንዱን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ናፍታ የሚጠጣ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ጎኑ ላይ ሁለት የጥይት ቀዳዳ ያለበት አሮጌ መኪና ነው። ከሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ጭኜ ደሴ እወርዳለሁ፤ ስመለስ እህል አመጣለሁ። ሰባተኛ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ስለነበር ካሚዮኑንም እዚያው ደጄ ላይ አቆመዋለሁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ያንን ሞተር ማስነሳት ከመንገዱ ሁሉ ይብስ ነበር። ዘይቱ እንደ ቅቤ ረግቶ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ፍም የሞላ ምድጃ ከሞተሩ ሥር አስገባለሁ፤ ውሃ አፍልቼ ራዲያተሩ ውስጥ እጨምራለሁ። ከዚያ የሰፈሩ ዘበኛ በናፍታ የተነከረ ጨርቅ ለኩሶ ሞተሩ አየር ከሚስብበት አፍ ላይ ይይዝልኛል። እኔ ደግሞ ማኖቬላውን፣ ያንን ከፊት የሚሰካ ቆልማማ ብረት፣ በሁለት እጄ ጨብጬ ወገቤ እስኪቆረጥ አዞራለሁ። ሲነሣ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቁር ጭሱ በየቤቱ ይገባል።

ሰፈርተኛው ለመደው። በሬ ፊት ለፊት ያሉ አንዲት ሴትዮ ብቻ አልለመዱትም። ከጎጃም የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔዎች የሚሸጡ ሴት ነበሩ። "እትዬ፣ እንደምን አደሩ?" ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሞተሩ ሲነሣ በራቸውን ድርግም አድርገው ይዘጋሉ። ኩራት መስሎኝ እኔም ቂም ያዝኩባቸው።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት የካሚዮኑ መስታወት ውርጭ ለብሶ አደረ። ፍሙን አስገባሁ፣ ውሃውን ጨመርኩ፣ ሦስት ጊዜ አዞርኩ፤ እምቢ አለ። በአራተኛው ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ መለሰና ማኖቬላው ከእጄ አምልጦ ክንዴን መታኝ። አጥንቴ ቋ ሲል ሰማሁት። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዘበኛው የሚነደውን ጨርቅ ጥሎ፣ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብሎ ጮኸ።

መጀመሪያ የደረሱት እኚያ ሴትዮ ናቸው።

"አታንቀሳቅሰው!" አሉኝ። ከማገዶው ቀጥ ያሉ እንጨቶች መርጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ክንዴን አሰሩልኝ። ዘበኛውን ወጌሻ እንዲጠራ ላኩትና እስኪመጣ ድረስ ትከሻዬን ደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

"እትዬ፣ የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር" አልኳቸው። ሕመሙ አፌን ፈትቶት ነው።

"አንተ ምን በወጣህ!" አሉ። ካሚዮኑን እያዩ ቀጠሉ። "ጣሊያኖች ታናሽ ወንድሜን የወሰዱት በእንዲህ ያለ ካሚዮን ነው። እንደዚሁ በማለዳ። ሞተሩ እምቢ ብሏቸው ብዙ ቆዩ። እኔ ደጅ ቆሜ፣ አይነሣ፣ አምላኬ አይነሣ እያልኩ ስጸልይ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየሁትም።"

"ይቅር ይበሉኝ" ብቻ አልኩ።

"ምን አደረግህና?"

ክንዴ እስኪጠገን ጥርንና የካቲትን ቤት ዋልኩ። እሳቸው የአጃ አጥሚት ይዘውልኝ እየመጡ ስለ ወንድማቸው ያጫውቱኝ ነበር። በገና ሲደረድር ሰው ያስለቅስ እንደነበር፣ ጎበዝ ነኝ እያለ በቅሎ ይፈራ እንደነበር ነገሩኝ። የበቅሎውን ነገር ሲያስታውሱ ይስቃሉ።

ወደ ሥራ ስመለስ ካሚዮኑን ደጃችን ላይ ማሳደር ተውኩ። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አቆመውና ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ማገጃ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አንሥቼ ካሚዮኑን ቁልቁል እለቀዋለሁ፤ ሲፈጥንልኝ ማርሽ አስገባለሁ፤ አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ ይቆምና ተሸካሚዎች እየገፉ ያስነሡልኛል። ለምን እንደማደርገው ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አስቆሙኝ።

"ካሚዮንህን ሸጥከው እንዴ?"

"አልሸጥኩትም። ቁልቁለት ላይ ሲያድር ለሞተሩ ይሻለዋል ብዬ ነው።"

ትኩር ብለው አዩኝ። "ውሸታም" አሉና እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

ወላጆቼ በልጅነቴ ሞተውብኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስት ሳገባ በእናቴ ቦታ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ሙሽራዋ ጉልበታቸውን ስትስም ቀና አድርገዋት፣ "ልጄን አደራ" ሲሏት ሰማሁ። ሚዜዎቼ እየዘፈኑ ነበር፤ እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።