ጨው ግማሽ

ባለፈው እሑድ፣ አያት ሰፈር ባለው ቤቴ፣ ለምሳ ኪያር ከትፌ ጨው ነሰነስኩበትና ስልክ ላነሳ ሄድኩ። ወሬው ረዘመ። ስመለስ ኪያሩ ልፍስፍስ ብሎ ሳህኑ ውሃ አቁሯል። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም፤ ከራሱ የወጣ ነው። ሳህኑን እንደያዝኩ ያ ክረምት ትዝ አለኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቶ፣ ያኔ ጭቃ ብቻ በነበረው ጎሮ፣ የእኅቴን የአልማዝን የስምንት ወር ልጅ ሜሮንን እጠብቅ ነበር። አንድ ጠዋት ሜሮንን ተቅማጥ ያዛት። አልማዝ ኢምፔሪያል ወዳለው የምትሠራበት ልብስ ቤት ልትሄድ እየተጣደፈች፣ «አንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ጨው ግማሽ፤ ቶሎ ቶሎ አጠጫት» አለችኝ።

ግማሽ ማንኪያ ማለቷ ነበር። እኔ የስድስት ግማሽ መሰለኝና ሦስት ጨመርኩ። ቀምሼ እንኳ አላየሁም።

ሜሮን ፊቷን እያጨማደደች ጠጣች። ባለቀሰች ቁጥር ጠማት ብዬ ደገምኩላት። እኩለ ቀን ላይ ግን ማልቀሷን ተወች። ስጠራት ዓይኗ አይከተለኝም፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጋቢ ጠቅልዬ በዝናብ ሮጥኩ። ታክሲ ውስጥ ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ ለጥፌ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። በመንገዴ አልማዝን ከሥራዋ ጠርቼ ሆስፒታል ገባን።

«ጨው ስንት አደረጋችሁ?» አለች ሐኪሟ።

አልማዝን አየኋት። «ግማሽ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ሦስት ማንኪያ» አልኩ።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። «ጨው ደሟ ውስጥ ሲበዛ፣ ሕዋሶቿ ውስጥ ያለው ውሃ በሽፋናቸው አልፎ ወደ ጨው ይወጣል። ማንም ሳይገፋው።»

ይህንን አውቀው ነበር! ባዮሎጂ ክፍል ድንች ጨው ውሃ ውስጥ ነክረን አይተናል፤ ፈተና ላይም «ኦስሞሲስ» ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።

«ታዲያ ውሃ ይሰጣታ!» ብላ ጮኸች አልማዝ።

«ቀስ ተብሎ ነው። በአንዴ ከሰጠናት ውሃው ተመልሶ ሲገባ አንጎሏ ያብጣል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ጉሉኮሱ ጠብ ሲል አፍጥጬ ተቀመጥኩ። መፍጠኑም መዘግየቱም ያስፈራኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሜሮን የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች። አልማዝ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ከዚያ እኔን አቀፈችኝ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም።

ያን ቀን «ግማሽ» ብዬ ብዋሽ ኖሮ እያልኩ ዛሬም እባንናለሁ። ሜሮን አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። ታሪኩን ለእንግዳ ሁሉ እያሳቀች ታወራዋለች። እኔ ግን እስካሁን አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።