ከአባቴ ራስጌ የተነሣው ድንጋይ

አባቴ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው፤ ከበሩ በስተግራ፣ ከሰዓት በኋላ የወይራው ጥላ የሚያርፍበት ላይ። ቅጥሩ ውስጥ አያቴና የአባቴ ወንድሞች አሉ። በእሱና በእነሱ መካከል ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ለምን ውጭ እንደ ቀረ ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል። እኔ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ባሕታዊው ወደ ታች ጋይንት የመጣው የገብስ አጨዳ ሊያልቅ ሲል ነው። ብዙ ዘመን በቆላ ገደል ውስጥ ቅጠል እየበላ እንደ ኖረ ተናገረ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለችው ምንጭ አጠገብ ዳስ ጣለና ውሃዋን ጠበል አላት። ትምህርቱ አጭር ነበር። ሚስት ያገባ ቄስ እጁ ንጹሕ አይደለምና ኃጢአታችሁን ለምንጯ ንገሩ አለ። አርብ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነውና ገበያ አትውጡ አለ። እኛ ጨው የምንገዛው፣ ባቄላ የምንሸጠው አርብ ገበያ ነው፤ ሌላ ቅርብ ገበያ የለንም። ያም ሆኖ ሰው ተከተለው። ከማተባቸው በላይ ነጭ ክር አሰሩ፤ ጨው ሲያልቅባቸው አልጫ በሉ።

አባቴን ወደ ባሕታዊው የወሰደው የጉልበቱ ሕመም ነው። ክረምቱን በምርኩዝ የከረመ ሰው በጠበሉ ተጠምቆ ብዙም ሳይቆይ ሞፈር ተሸክሞ ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ በየዓመቱ ይሻለው ነበር፤ ይህንኑ ነገርሁት።

«የዘንድሮው ሌላ ነው» አለኝ።

ከዚያ ለንስሐ አባታችን «ከእንግዲህ በእኔ ቤት አይድከሙ» ብሎ ላከባቸው። በአገራችን የንስሐ አባት የሌለው ሰው ሲሞት ፍትሐት አይደረግለትም። ያልተፈታ ሰው ደግሞ ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ከድጓ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ልሔም መምህራን መጥተው ባሕታዊውን ማን እንዳመነኮሰው ጠየቁት። አርምሞ ላይ ነኝ ብሎ በእጁ አመለከተና ዝም አለ። የወረዳው ገዥም ነገሩ የካህናት ነው ብለው ተዉት።

በጥምቀት ሰሞን ከእስቴ አንዲት ሴት መጣች። ሰው ለጠበሉ ተራ ይዞ ሳለ ሄዳ ባሕታዊው ፊት ቆመች።

«እንደምን ከረምህ?» አለችው። «በሬዎቹን ሸጠህ ስትጠፋ ቅጠል ልትበላ መሆኑን አልነገርኸኝም።»

ባሕታዊው ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«አርምሞ ላይ ናቸው፤ አይናገሩም» አላት አባቴ።

«ድሮም ሥራ ሲነሣ አርምሞ ይገባ ነበር።»

ከኋላ የሳቀ ነበር፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ሰው ተመሳስሎብሽ ይሆናል፣ እቴ» አለ አባቴ።

«የቀኝ እግሩን ትንሿን ጣት ማረሻ ቆርጦታል። ጫማ የለውም፤ አንቱው ይዩት።»

አየሁ። ጣቲቱ የለችም። አባቴም አየ።

«ሰይጣንም የቅዱሳንን ገላ ያውቃል» አላት።

«ያውቅ ይሆናል። ልጆቹን ግን የወለድሁለት እኔ ነኝ።»

ክር ያሰሩ ጎልማሶች እየገፉ መንገድ አስያዟት። እኔ ነገሩ ሁሉ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። «ፈተና ያልመጣበት ባሕታዊ የት አለ?» ተባለ፤ ነጭ ክር ያሰረው በዛ።

ሁዳዴ ሲጋመስ አባቴን ንዳድ ጣለው። የንስሐ አባታችን የነበሩት ቄስ ሳይጠሩ መጡና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ወንድሜ፣ ሌላ አልልህም። የንስሐ አባቴ ነዎት በለኝ፤ ይበቃኛል።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ባሕታዊውን ጥራልኝ» አለ።

ወርጄ ጠራሁት። ያን ቀን አርምሞው አልያዘውም። «ንዳድ ካለበት ቤት ብገባ ሱባኤዬ ይፈርሳል» አለኝ። ተመልሼ ለአባቴ እንዳለ ነገርሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ሄዱ። አባቴ ዝም ያለው እምቢ ብሎ ይሁን አፍሮ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሲነጋ ሞተ። ከካህናቱ የመጣ የለም። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ባይኖርም ማንበብን በራሴ ለምጄ ነበርና ዳዊቱን እኔው ደገምሁለት። በመቃብሩ ላይ የወንዝ ድንጋይ ከመርሁ። በራስጌው ያኖርሁት ጠፍጣፋና ግራጫ ነበር፤ በመካከሉ ነጭ ሰረዝ ያለፈበት።

በተከታዩ ዓመት አዝመራው ሰመረ። ሰውም ጨው አማረውና አንድ አንድ እያለ አርብ ገበያ መውጣት ጀመረ። የባሕታዊው ዳስ ሰው ሳሳበት። በታቦቱ ንግሥ ቀን ባሕታዊው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ቅጥሩ በር ላይ ተንበረከከ። ድንጋይ የተሸከመን በዳይ አልምርም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ደም እንኳ በዚህ ይታረቃል። ካህናቱ ተመካከሩና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ምንጯ የደብሩ ጠበል ሆነች፤ እሱም ጠባቂዋ ሆኖ ተሾመ። ሰው እልል ሲል ድንጋዩን ከአንገቱ አውርደው ደጀ ሰላሙ ጥግ አስቀመጡት። ጠፍጣፋ ነው፤ ግራጫ፤ በመካከሉ ነጭ ሰረዝ አለው። ወጥቼ የአባቴን መቃብር አየሁ። ራስጌው ባዶ ነበር። ባሕታዊው በሩ ላይ ሲደርስ ከቅርቡ ያገኘውን ነው ያነሣው።

በማግስቱ እኔም ከመቃብሩ ሌላ ድንጋይ አንሥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ቄሱ ፊት ተንበረከክሁ።

«ስለ አባቴ ነው» አልሁ።

«ተነሥ፣ ልጄ። የሞተ ሰው ድንጋይ አይሸከምም፤ ሌላ ሰውም አይሸከምለትም።»

«እንግዲያው የራስጌውን ድንጋይ ይመልሱልኝ።»

«የትኛውን?»

አሳየኋቸው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው እየተሳለሙት ነበር። ቄሱ አሮጊቷ እስኪያልፉ ጠበቁ።

«ይቅርታ የወረደበት ነው» አሉኝ። «ከቅጥር አይወጣም።»

ወደ ወንዝ ወርጄ ለራስጌው ሌላ አመጣሁ። ጠፍጣፋ አላገኘሁም።