ሎሚ የበላው የሮም ንጉሥ

"አንተ! የጃንሆይን ፊት ነው እንዴ የምትፍቀው?"

እንዲህ ያሉኝ ፖሊሱ ጎረቤቴ ባሻ ታፈሰ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳንቲም ስፈገፍግ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል።

ሳንቲሙ የጥንት ሮም ነው፤ ቀፊራ ገበያ ካለ የመናዊ ባለሱቅ ነው የገዛሁት። እንዲህ ያሉትን እያጠብኩ ማጠራቀም እወዳለሁ። (ሚስቴ "የሰው ባል ጫት ይቅማል፣ የእኔው ዝገት ይፍቃል" ትላለች።)

"ኧረ ባሻ፣ የሮም ንጉሥ ነው! ዙሪያውን ተጽፏል፣ ይዩት" ብዬ ሰጠኋቸው።

አገላብጠው አዩት። እኔም አየሁት፤ ክው አልኩ። ዝገቱ ቶሎ እንዲለቅ ብዬ ከትናንት ጀምሮ ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፌው ነበር። ሎሚው ጽሑፉን ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። አፍንጫውም የለም። የቀረው ዘውድ የደፋ ራስ ብቻ ነው።

"የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ ጣቢያ ይጣራል" አሉና በመሐረባቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ ከእናንተ መሀል ሳንቲም በሎሚ ያበላሸ አለ? ካለ ሎሚ ጽሑፍ እንደሚበላ መጥቶ ይመስክርልኝ።

ጣቢያ ስሙን መስጠት ካልፈራ።